ሁለት ካርድ የወጣላቸው ባለቤቴ

ለተከበሩ የደም ናሙና ጥናት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሐይቅ ከተማ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እጅዎ ይጨብጣል? ጉሮሮዎ ውሃ ያወርዳል? እኛ ቤት ጤና መጠየቅ ከተጀመረ እዚህ ድረስ ስለሚዘልቅ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የመሪጌታ ወንዱ ባለቤት ነኝ። መሪጌታ ሃያ ስድስት ዓመት ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች እየሞቱ የሚሄዱበት ሕመም ያዛቸው፤ መጀመሪያ መቋሚያው ከእጃቸው ወደቀ፣ ቀጥሎ ምላሳቸው መተሳሰር ጀመረ። ሐኪሙ ነርቭ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር እንዳለ፣ እሱን በየሦስት ወሩ እየለካችሁ ስታስተያዩት ሕመሙ የሚሮጥ ይሁን የሚያዘግም መገመት እንደምትችሉ ነገረን። እናንተም ውጤቱን ልትነግሩን ፈረማችሁ። መሪጌታ ስለ መዳን አልጠየቁም። «የሚሮጥ ከሆነ ለተማሪዎቼ ከከባዱ ክፍል ልጀምርላቸው፤ የሚያዘግም ከሆነ በተራው ልቀጥል» ነው ያሉት።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ እናንተ ዘንድ ያለ ቁጥር የሚታወቅ ነገር የለምና።

1ኛ. ጥፋቱ የተጀመረው ከኔ ነው። መጀመሪያ ደሴ ወጥተን ደም ሲሰጡ፣ ስማቸው ከመታወቂያቸው ወንዱ ተብሎ ተጻፈ። በሁለተኛው ቀጠሮ የቀጠሮ ወረቀቱን ቤት ረስቼ ስለነበር ባለሙያዎ የታማሚውን ስም ጠየቀኝ፤ እኔም ኃይለ መስቀል አልኩት። የክርስትና ስማቸው ነው። ያን ሰሞን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ለሚሄድ ሰው ሁሉ ለጸሎት የምልከው ይኸንኑ ስም ስለነበር፣ የታማሚ ስም ሲባል አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ። እግዚአብሔር ማንን እንደምል አውቋል፤ የእናንተ መዝገብ ግን አላወቀም፤ እንደ አዲስ ታካሚ ሁለተኛ ካርድ አወጣላቸው።

2ኛ. ስድስት ወር ጠብቀን የደረሰን መልስ፣ «ሁለቱም ታካሚዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ስለተለኩ የሕመሙን አካሄድ ማወቅ አልተቻለም» ይላል። ስልኩ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፣ ቀበሌው አንድ፣ አጠገባቸው የቆመችውም ሴት እኔው አንዷ ሆኜ ሳለ ስላሳያችሁት ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ላስተካክል ስመጣ፣ ሁለቱም ታካሚዎች በአካል ቀርበው ካልፈረሙ መዝገብ አይጣመርም ተባልኩ። ጎረቤታችን ኑርዬ መሪጌታን አዝሎ ደረጃችሁን ወጣና በቢሮዎ ፊት «ወላሂ አንድ ሰው ናቸው፤ ተሸክሜያቸዋለሁ፣ የሁለት ሰው ክብደት የላቸውም» ብሎ መሰከረ። ለምስክር በቅጹ ላይ ቦታ የለም ተባለ። መሪጌታ እንዳይፈርሙ ጣታቸው ብዕር አይዝም። ኑርዬ መልሶ አዘላቸው፣ ወደ ቤታችን ተመለስን።

ይኸ ሁሉ ሲሆን መሪጌታ በተራው ማስተማራቸውን ቀጥለው ነበር። እኔ ነኝ ውጤቱ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ ያዘገየኋቸው። ሰኔ ላይ ድምፃቸው ሄደ። ተማሪዎቹ አሁንም ጠዋት ጠዋት መጥተው ፊታቸው ተቀምጠው የሚያውቁትን ያዜማሉ፤ ሲሳሳቱ ዓይናቸውን ይጨፍኑላቸዋል። ያልደረሱበትን ክፍል ግን በዓይን ማስተማር አይቻልም። ክቡር ሆይ፣ ተናድጃለሁ፤ በእናንተም፣ ያን ስም በሰጠሁበት በገዛ አፌም። ከእናንተና ከኔ ማን ይበልጥ እንዳጠፋ እስካሁን አልለየልኝም።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ስምዎም በሄዱበት ሁሉ አንድ ሆኖ እንዲገኝልዎ እየተመኘሁ፣

የሁለት ታካሚዎች አንዲት ሚስት
ጥሩብርሃን መዝገቡ
ከሐይቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት በኃይለ መስቀል ስም የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶናል፤ ለሁለተኛ ልኬት በአስቸኳይ እንዲቀርቡ ይላል። መሪጌታ ወንዱ እዚሁ አልጋቸው ላይ ናቸው። እናንተ ዘንድ ያሉት ሌላው ሰውዬ ግን ድምፃቸው ገና ካልጠፋ፣ እባክዎን በቶሎ ይላኩልን። ተማሪዎቹ ከከባዱ ክፍል እንዲጀምሩላቸው እየጠበቋቸው ነው።