ጣና ዳር የጮህሁበት ቅዳሜ

ጥር 14
በምሠራበት ፋብሪካ ቢሮ ደረሰኝ ስመዘግብ ዋልሁ። ስወጣ በቀጥታ ጓደኛዬ ርሆቦት ቤት። ላፕቶፗን ከፍታ የሠራችውን አዲስ የሙዚቃ ምት አሰማችኝ። ፈጣን፣ ቁጡ፣ ደረት የሚመታ ኤሌክትሮኒክ። ማይኩን ይዤ ላዩ ላይ ጮህሁበት፦ "አልፈራም! አልፈራም!" ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። የርሆቦት ወንድም ብቅ ብሎ፣ "ዘፈን ነው ወይስ ጠብ?"
ሁለቱም... እንዴት ደስ ይላል።

ጥር 15
ለዝግጅታችን የጠየቅነውን አዳራሽ ከለከሉን። ኃላፊው ግማሹን እንኳ ሳይሰማ፣ "ይሄ ነገር ሰው ያሳብዳል" አለ። እኛስ ምን ፈልገን?
ርሆቦት አልተበሳጨችም። "ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር እንጫወታለን።" ቢያዝን የሚባለው ባለጀልባ ጄኔሬተር ያውሰናል።
እኔ ፊቴን በሻሽ እሸፍናለሁ። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ከተማው በዜማቸው ያውቃቸዋል። ልጃቸው እንዲህ ስትጮህ ቢሰሙ...
"ፊትሽን ሸፍነሽ 'አልፈራም'?" አለችኝ ርሆቦት።

ጥር 17
ከየት ልጀምር?
ሰው መጣ። ተማሪ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ ከሙሽሮች ጋር ፎቶ ሊነሱ የመጡ ሚዜዎች ሳይቀሩ። ምቱ ሲለቀቅ መሬቱ ራሱ የዘለለ መሰለኝ። መሀል ላይ ጄኔሬተሩ ተንተፋተፈ... ጠፋ። ጸጥ። የማዕበሉ ድምፅ ብቻ። ሰው ሊበተን ነው አልሁ። ድምፄ ደግሞ ሻሹ ውስጥ ታፍኗል።
ገፍፌ ጣልሁት። ያለ ማይክ፣ በባዶ ጉሮሮዬ ጮህሁ። ርሆቦት ጀሪካን ገልብጣ መደብደብ ጀመረች፤ ሰው በእግሩ ተቀበላት። ሚዜዎቹ ከነከረባታቸው ይዘላሉ። አቧራ፣ ላብ፣ ሳቅ። በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።
ስጨርስ አጎቴን ደሞዝን ዛፍ ሥር ቆሞ አየሁት። እሱም አየኝ። ለአባባ ሳይነግር አያድርም።

ጥር 18
ነግሯቸዋል። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠሩኝ።
"ምን እያልሽ ነበር የምትጮኺው?"
"አልፈራም እያልሁ።"
"ፊትሽንስ ለምን ሸፈንሽ?"
"እርስዎን ፈርቼ።"
ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ጩኸቱን አልወደውም። ልጄ ከእኔ መደበቋን ግን ከጩኸቱ የባሰ ጠላሁት" አሉ።
አልከለከሉኝም... አልፈቀዱልኝምም።

ጥር 27
ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ እንድንጫወት ጠሩን! የዚያ ወጣቶች ሰው በስልክ የቀረጸውን የጣና ዳሩን ቪዲዮ አይተው ነው። "ማስታወቂያው ላይ ማን ብለን እንጻፍ?" ሲሉ ርሆቦት ወደ እኔ ዞረች።
ቤት ሄጄ ለአባባ ነገርኋቸው። "ስሜ ሲጻፍ የእርስዎም አብሮ ይወጣል።"
መነጽራቸውን አወለቁ። "የማን ልጅ ሊሉሽ ነበር ታዲያ?"

የካቲት 1
በቢያዝን ጀልባ ቁንዝላ ደረስን። ርሆቦት ድምፅ ማጉያውን በላስቲክ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች። እኔ ገና ሳልወርድ ልቤ ይዘላል።
ወደቡ ላይ ማስታወቂያው ተለጥፏል። አንዲት ሴት ዓሣ እንዳንጠለጠለች ቆማ ጮክ ብላ ታነባለች፦ "ሥርጉት ጥዑመ ልሳን... ማን ናት ደግሞ?"
"እኔ ነኝ" አልኋት።