የአባባ መሣሪያ

ይድረስ ለወንድሜ ለየኔሰው፤ እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

አባባ ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገልብጦ እግራቸው ተሰብሮ ነበር። የአምቡላንሷ ነርስ «ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዘን አንሄድም» ብትላቸው፣ «ፈቃድ አለው» እያሉ ማንገቻውን አልለቅም አሉ። ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው አስፋልቱ ላይ እግራቸውን አሰረችላቸው። ፖሊሱ ጥይቱን አውጥቶ «ሲድኑ ራስዎ መጥተው ይወስዱታል» ሲላቸው ነው በመከራ የለቀቁት።

አሁን ቤት ናቸው፤ በምርኩዝ ይራመዳሉ። እኔም ጤፉን ብቻዬን አሳጭጄ ደክሞኛል። ትናንት «መሣሪያዎን ሄደን እናምጣ» ብላቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው «የኔሰው ሲመጣ በስሙ ያዙረው» አሉኝ።

ሞጣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ቢሆንም በዓሉን ሳትጠብቅ ና። ለጎረቤቶችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እህትህ እፀገነት፣ ከቢቸና