ስለ ተደፋው ኩባያ ለላርክ ሆሎው ኮሌጅ የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ዶክተር ጆስሊን ክራንደል
የላርክ ሆሎው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት
ላርክ ሆሎው፣ ኦሃዮ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት የቦርድ አባላት፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ፊት ለፊት ያለው፣ ከግቢው ነዋሪ ሁሉ የተሻለ እንክብካቤ ሲደረግለት ያየሁት ሣር፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ዊኒፍሬድም ደህና ናት፤ ደህና የሆነችበትን ምክንያት ግን የሚያውቁት ስለማይመስለኝ፣ ይህ ደብዳቤ በከተማችሁ ጋዜጣ በኩል እንዲደርስዎ መርጫለሁ። በግል ከላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሁለቱ "ሐሳብዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን" የሚል አንድ ዓይነት መልስ ሁለት ጊዜ አስገኝተውልኛልና፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ ቢያነበው ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ።

ስሜ ክሌይተን ደብሮው ይባላል፤ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሕንፃ ባለቤቶች "ኧረ ችግር የለበትም፣ ባለፈው ሳምንት ነው ያሠራነው" ሲሉኝ ፈገግ ብዬ ገመዱን ራሴ ለማየት ጣሪያ ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን የምነግርዎ ራሴን ለማሞገስ ሳይሆን፣ እኔን ማታለል ቀላል ሥራ አለመሆኑን ገልጬ ለስኬታችሁ ተገቢውን ክብር ለመስጠት ነው።

ልጄ ሁለት ሺህ አራት መቶ ተማሪ በነበረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ምሳዋን የበላችው የሙዚቃ መሣሪያዎች በሚቀመጡበት ክፍል፣ በሁለት ከበሮዎች መካከል ነው። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልሰደባትም፤ ብቻ ማንም አላያትም። ስለዚህ ኮሌጅ ስንፈልግ የፈለግነው ትንሽ፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ የሚጠራበት፣ ሥነ ጽሑፉም ሳይንሱም ፍልስፍናውም አብሮ የሚሰጥበት፣ ሊበራል አርትስ የሚሉትን ዓይነት ነበር፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የግቢው ባህል እንደ እሷ ላለች ልጅ የሚሆን። በሁለት ጸደይ ዘጠኝ ኮሌጆችን በፒክአፕ መኪናዬ ዞርን። ሌሎቹ ልጆች ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ መኝታ ክፍሉ ሲጠይቁ፣ እሷ ደብተሯ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋ ነበር የመጣችው፦ ጓደኛ የሌለው ሰው በምሳ ሰዓት የት ይቀመጣል? ስምንቱ ኮሌጆች ሳቅ ብለው ስፖርት አዳራሻቸውን አሳዩን። እናንተ ግን መለሳችሁልን። ምስጋናዬም ከዚህ ስለሚጀምር በቁጥር ላቅርበው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ኩባያው አመሰግናለሁ። ምንም ሳያደናቅፈው ወደ ኋላ እየተራመደ ግቢውን ያስጎበኘን ወጣት፣ በላርክ ሆሎው ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ልማድ እንዳለ ነገረን፤ አብሮት የሚበላ ሰው የፈለገ ተማሪ ባዶ ኩባያውን አፉን ወደ ታች አድርጎ ገበታው ጫፍ ላይ ይደፋል፣ በዚያ የሚያልፍ የመጀመሪያው ሰውም የግድ አብሮት ይቀመጣል። "እዚህ ብቻዬን ልብላ ብትልም አንለቅህም!" አለ እየሳቀ። ልጄ ዊኒ ኩባያዋን ደፋች፤ ሹካዋን ሳታነሳ አራት ሰዎች ከበቧት። ከመካከላቸው አንዱ ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ፣ "አንቺም የድልድይ ሰው ነሽ እንዴ? እኔ እኮ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ ካየሁ መኪና ካላስቆምኩ አይሆንልኝም!" አላት። ልጄ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የእነዚያን ድልድዮች ሥዕል ስትሰበስብ የኖረች ናት። ወደ ቤት ስንመለስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ አወራችኝ። ወሬዋ ሳያልቅ ቤት እንዳንደርስ ፈርቼ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ከኋላዬ ያለው የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲያምባርቅብኝ እንኳ አልቸኮልኩም። "አባዬ፣ ይሄ ነው አይደል?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ "ይሄ ነው፤ አጣርቻለሁ" አልኳት። በማግስቱ ከቤታችን ሃያ ደቂቃ የሚርቀውን፣ ተቀብሏት የነበረውን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አልመጣም አለችው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ መስከረም ነው። ልጄ በመስከረም ወር ኩባያዋን እየደፋች አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን አንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ ወንበሩ ሰው እንዳለው ጠየቃት፤ ደስ ብሏት የለውም ስትለው ወንበሩን አንስቶ ወደ ጓደኞቹ ሄደ። በዘጠነኛው ቀን አንዲት ተማሪ ኩባያው የቆሸሸ መስሏት ወደ ማጠቢያው ወሰደችላት፤ ለንጽሕና ያላችሁን ትጋት ሳላደንቅ አላልፍም። በጥቅምት ያንን ቀይ ፀጉር ያለውን ልጅ መንገድ ላይ አግኝታ፣ ከግቢው ጀርባ ያለውን አሮጌ ድልድይ አብሯት ሊያይ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችው። "የምን ድልድይ?" አላት። በክፋት አልነበረም፤ እውነቱን ነው፣ አላስታወሳትም።

ሦስተኛው ደብዳቤዬ ያገኘው መልስ ይህን አብራራልኝ። የቅበላ ቢሮዎ እንደጻፈልኝ፣ የኩባያው ልማድ "በአሁኑ ወቅት የጉብኝት ቀን መሰናዶ አካል" ሲሆን፣ አብረዋት የተቀመጡት ደግሞ የሠለጠኑ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው፤ ልጄን "በተሻለ ለመቀበል" ሲሉም ከማመልከቻዋ ጋር የላከችውን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበዋል። ክብርት ሆይ፣ ልጄ በዚያ ጽሑፍ ስለ ድልድዮች የጻፈችው ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ነበር። መልሱን ሳነብ ያመመኝን ያህል በእናንተ ዘንድ ማንም እንደማያምመው ስለምገምት፣ አልዘረዝረውም። የተከዳሁ ያህል ብቻ አይደለም የተሰማኝ፤ ተከድቻለሁ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ የራሴ ሞኝነት ነው። እኔ በሙያዬ ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ቁጥጥር ቁጥጥር እንዳልሆነ ለጀማሪዎች የማስተምር ሰው፣ ለአንድ ልጄ ኮሌጅ ልመርጥ ስመጣ፣ እናንተ በመረጣችሁት ቀን፣ እናንተ ባዘጋጃችሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ አጣራሁ አልኩ።

፫. ሦስተኛው ስለ ወይዘሮ በርኒስ ኮቫልችክ ነው። እርስዎ ስሟን ላያውቁት ይችላሉና ልንገርዎ፤ በመመገቢያ አዳራሻችሁ ሃያ ስድስት ዓመት ዕቃ ያጠበች ሴት ናት። በጥቅምት አጋማሽ፣ በእረፍት ሰዓቷ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች በልጄ ገበታ አጠገብ ስታልፍ የተደፋውን ኩባያ አየች። "ማሬ፣ ወይ ኩባያሽን አንሺ ወይ ልቀመጥ፤ ጉልበቴ ቆሜ እንዳስብ አይፈቅድልኝም" አለቻት። ዊኒ ኩባያውን አላነሳችም፣ በርኒስም ተቀመጠች። ልማዱ እውነት በነበረበት ዘመን የመጣች ሴት ስለሆነች፣ ኩባያ ደፍቶ የተቀመጠን ሰው አልፎ መሄድ ነውር እንደሆነ ከግቢው ሰው ሁሉ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ባሏ ስለሚያረባቸው እርግቦች፣ ስለ ጉልበቷ፣ አንዳንዴም ስለ ድልድይ አወሩ። አንድ ቀን ሳቃቸውን የሰሙ ሁለት ተማሪዎች ምሳቸውን ይዘው መጡ፤ በሳምንቱ ሦስተኛው ተጨመረ። ልጄ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ተለውጦ ነበር፤ እንዲያውም "አሁን ጊዜ የለኝም አባዬ፣ እነሱ እየጠበቁኝ ነው" ብላ ስልኩን ስትዘጋብኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

፬. በኅዳር ወር የጉብኝት ቀን ሲደርስ ግን አስተዳደርዎ ነቃ። ሠራተኞች የሥራ ልብስ ለብሰው ከተማሪዎች ጋር ቢቀመጡ "ጎብኚ ቤተሰቦችን ግር ሊያሰኝ ስለሚችል" በሚል፣ በርኒስ ከመንገዱ ማዶ፣ ተማሪ ወደማይገባበት የስፖርት ሕንፃ ኩሽና ተዛወረች። ግር ስለመሰኘት ያላችሁን ስጋት እጋራለሁ፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ሳይሠለጥን፣ ማመልከቻም ሳያነብ፣ እንዲሁ ከአንዲት ልጅ ጋር ሲቀመጥ ማየት በእርግጥ ግር ያሰኛል። ልጄ ሰው ፊት መናገር የምትፈራ ልጅ ሆና ሳለ በርኒስ እንድትመለስ ብቻዋን ቢሯችሁ ድረስ ሄዳ ለመነች። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው "ስሜትሽን በጣም ነው የምናከብረው" ካላት በኋላ፣ ብቸኝነትን ስለ መቋቋም የሚናገር በጥሩ ወረቀት የታተመ በራሪ ጽሑፍ ሰጥቷት ሸኛት። ወረቀቱ በእጄ ይገኛል፤ ጥራቱ ግሩም ነው።

አምስተኛና ስድስተኛም አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መኝታ ክፍሉ ሻጋታና ስለ መኪና ማቆሚያው። አሁን ስጽፍ ግን ከላይ ካለው አጠገብ ሲቀመጡ አፈርኩባቸውና ተውኳቸው። ሰባተኛውን ብቻ እጠቅሳለሁ፦ የቤተ መጻሕፍታችሁ አሳንሰር የፍተሻ ፈቃድ ነሐሴ ላይ ጊዜው አልፏል። አካባቢውን ለሚቆጣጠረው ባልደረባዬ ነግሬዋለሁ። የሚመጣበትን ቀን አይነግራችሁም።

እኔም ቀኑን ሳልነግር መጥቼ ነበር። በታኅሣሥ፣ አንድ ተራ ማክሰኞ፣ ልጄን ከኮሌጃችሁ አስወጥቼ ከነዕቃዋ ወደ ቤት ልወስዳት ፒክአፔን ባዶ አድርጌ መጣሁ። አስቀድሜ ወደ አዳራሹ ገብቼ ኩባያዬን ደፍቼ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ፤ የቀረበኝ ሰው የጨው ዕቃውን የፈለገ አንድ መምህር ብቻ ነው። ከዚያ ልጄ ከበርኒስ እንደማትርቅ ገምቼ በረዶውን እየረገጥኩ መንገዱን ተሻገርኩ። በስፖርት ሕንፃው ኩሽና፣ የማጠቢያው ማሽን እንፋሎት በሞላው ክፍል ውስጥ፣ ልጄና ሦስት ጓደኞቿ የወተት ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው፣ ምሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበሉ ነበር። በርኒስ ሳህን እየደረደረች ወሬዋን ትቀጥላለች። አንዱ ልጅ ሌላ ሣጥን ገልብጦ "ይቀመጡ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ" አለኝ፤ ማንነቴን አልጠየቀኝም። ዊኒን ዕቃሽን አዘጋጂ ስላት፣ "አባዬ፣ አልሄድም። ቦታዬን ያገኘሁት እዚህ ነው፤ ግን ሊዘጉብን ነው" አለችኝ። በእርግጥም በሩ ላይ ከጥር ወር ጀምሮ ተማሪ ወደዚህ ክፍል መግባት የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።

ክብርት ሆይ፣ ዘጠኝ ኮሌጅ ዞሬ የፈለግሁት ነገር በእርግጥም በግቢዎ ውስጥ አለ። በአንድ የማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በአምስት ሰዎች መካከል ነው ያለው፤ እናንተም በትጋት ልትዘጉት ነው። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልለምንም። የምለምነው ወይዘሮ በርኒስ ወደ አዳራሹ እንድትመለስና በእረፍቷ ሰዓት በፈለገችው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ያንን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ በገዛ እጅዎ ያንሱት፤ ክፍሉን ከመንገዱ ማዶ ያገኙታል።

እንግዳን ለመቀበል በምታደርጉት ሥልጠና እየተደነቅሁ፣ ለሣሩ የምትሰጡትን ፍቅር ለሰውም የምታካፍሉበትን ቀን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ ከሚገባው ትሕትና ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ አንድ ጊዜ የተታለለ፣
ክሌይተን ደብሮው
የአሳንሰር ተቆጣጣሪ፣ የዊኒፍሬድ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ልከት ስል፣ ለጎረቤቴ ልጅ የላካችሁት የዘንድሮው መጽሔታችሁ ደረሰ። አራተኛው ገጽ ላይ ልጄ ከገበታ ተቀምጣ ስትስቅ ትታያለች፤ በጥቅምት የተነሳ ፎቶግራፍ ነው፣ ከሥሩም "በላርክ ሆሎው ቤተሰብ ነን" ይላል። አጠገቧ የነበረችው በርኒስ ተቆርጣ ወጥታለች። የቆረጠው ሰው ጥንቁቅ ነው፣ ሽርጧንም ፊቷንም በሚገባ አስወግዷል፤ በሳሙና ውኃ የተጨማደደው እጇ ግን ልጄ ትከሻ ላይ ቀርቷል፤ እሱን ለማውጣት ልጄንም መቁረጥ ነበረበት።