አንድ ያጣላል

ይድረስ ለማከብርዎ እናታችን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ሻል አለዎት? እዚህ ሲያትል ዝናቡ አላባራም፤ እኛ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እማማ፣ በስልክ ድምፅዎ ቀዝቅዞብኛል። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ፌደራል ዌይ በሚባለው ከተማ፣ ወዳጃችን ታምራት ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የልጅዎን የክፍሌን ጉርሻ አልቀበልም ማለቴን ሰምተዋል። ነገሩን ከእኔ አፍ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬን ያውቁታል፤ «ትል አርቢ» እያሉ ይስቁብኝ የለ? ከክር ቁራጭ የቀጠኑ ትሎች ናቸው፤ ዓይን የላቸው፣ ጆሮ የላቸው። ያላቸው ጥቂት ነርቭ ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጉዳቱን ልንፈትን፣ ምግባቸው ላይ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ፣ ለዓይን የማይታይ ብናኝ እንጨምራለን። ብናኙ የሚጎዳቸው ከሆነ እየራባቸው እንኳ ትተውት ይሄዳሉ። ከጭንቅላታቸው በኩል ያለው ነርቭ የጠፋባቸው ግን እዚያው ሲበሉ ያልቃሉ።

ክፍሌ ደግሞ ኦበርን ከተማ ባለ መጋዘን ውስጥ አዲስ የመጣ ግራጫ ዱቄት በከረጢት ይሞላል። ለምን እንደሚያገለግል የነገረው የለም። በንጽሕናው አይታማም፤ እጁን በሳሙና ፈትጎ ነው ቤት የሚገባው። አንድ ቀን ከሥራዬ ሊወስደኝ ሲመጣ፣ የታጠበ ጣቱን የትሎቹ ሳህን ዳር ላይ እንዲያስነካልኝ ለመንኩት። ትንሽ ቆይተን በማጉያው አየን። ሁሉም ምግባቸውን ጥለው ከወዲያኛው ዳር ተደራርበዋል። በዚያኛውም ዳር አስነካ፤ ተመልሰው ሸሹ። እኔ ደነገጥኩ። እሱ ሳቀ።

«ትል ሸሸኝ ብዬ ሥራ ልልቀቅ?» አለኝ።

ታምራት ቤት የመጀመሪያውን ጉርሻ በይሉኝታ ዋጥኩት። «አንድ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ሲያነሳ ግን አፌ አልከፈት አለ። እጁ ተዘርግቶ ቀረ። ኮራሽ፣ ጠላሽኝ ብሎኛል። እማማ፣ አልጠላሁትም። ፈርቼለት ነው።

እኔን አይሰማኝም። እርስዎን ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። ያንን ሥራ ተው ይበሉልኝ። ቢቆጡትም፣ ቢለምኑትም፣ እንደሚያውቁበት ያድርጉት፤ ብቻ አይዘግዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ራሱ ሊያበሥርዎ ያሰበውን ስለቀደምኩት ይቅር ይበለኝ። ሰሞኑን ከሥራ ሲገባ እጁን ሆዴ ላይ ያሳርፋል። ባሳረፈበት በኩል ያለው እንቅስቃሴ ወዲያው ጭጭ ይልና ከሌላው ጎኔ ይጀምራል። እጁን ወደዚያ ሲያዛውር ተመልሶ ይሄዳል። ክፍሌ ደስታውን አይችለውም፤ አባቱን አውቆ ድብብቆሽ እየተጫወተ ነው ይለኛል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ የልጅ ልጅ አቅፎ ለመሳም ያብቃዎ።

ምራትዎ