የከዋክብት አጋፋሪ ከሞተ ወዲህ

ውባለም፣

እንደምን ሰነበትሽ የምለው አፌ ስለ ለመደ ነው። ከተለያየን አንድ ክረምትና አንድ የሩዝ አጨዳ አልፏል፤ ሙት ዓመትሽ እየደረሰ ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። የምጽፍልሽ ስለ ፈራሁ ነው። ለሰው እንዳልነግር፣ ያየው ሰው ከእኔ ብሶ ፈርቷል፤ ያላየው ደግሞ ሊሰማው አይገባም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ክረምቱን ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሆኖ ነበር፤ ውኃው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ተመለሰ። የጓሮው ዘይቱን አፈራ፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ወፍ በላው። የሩዝ መፈልፈያችን ቀበቶ ተበጥሶ አዲስ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። መንገዱ እንደምታውቂው ነው፤ በሐሙሲት በኩል ሲያሻው ይከፈታል፣ ሲያሻው ይዘጋል። አንቺንም ታመሽ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት እንዳላደርስሽ ያስቀረኝ እሱ ነው፤ ይህን ደግሜ አልጽፈውም። የግቢውን በር ድሮ ከራት በኋላ ነበር የምንዘጋው። አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ እቀረቅረዋለሁ። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የማን እንደሆኑ አንጠይቅም። እዚህ መጠየቅ መልስ እንደ መስጠት ነው።

የመፈልፈያውን ሚዛን ልጃችን ትርንጎ ይዛዋለች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ነው ያለችው። የአንቺን የመምህርነት ነጭ ጋውን ለብሳ፣ እጅጌውን ጠቅልላ ጆንያ ስትጎትት ከኋላ ሳያት አንቺን ትመስለኛለች። ከፊት ግን አትመስልሽም። አንቺ ከመናገርሽ በፊት ሰውን ታይ ነበር። እሷ አታይም። ፍርሃቴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የከዋክብት አጋፋሪን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ። ለትምህርት ቤቱ የእርዳታ መጻሕፍት ሲመጡ፣ ከሳጥኑ ሥር ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ በሥዕል የተሞሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተገኙ። ለትምህርት አይሆኑም ተብለው ሊጣሉ ሲሉ በነጠላሽ ቋጥረሽ ቤት አመጣሻቸው። ከዚያ መብራት ጠፍቶ መፈልፈያው በቆመ ቁጥር ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው በአማርኛ ማውራት ጀመርሽ። በከዋክብት መካከል ትልቅ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ጨለማ ነው። በሩን የሚጠብቀው ካባ የለበሰ፣ የብርሃን በትር የያዘ ሰው ነው። በእንግሊዝኛው ማዕረጉ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ነግረሽኝ ረሳሁት። አንቺ አጋፋሪ አልሽው፤ የጎንደር ነገሥታት አጋፋሪ እንደነበራቸው፣ ማን እንደሚገባ ማን እንደማይገባ የሚያውቅ ስለሆነ። ገበሬው ወዲያው ወደደው። ቄሱ እንኳ «ሰማይ ዘበኛ አያስፈልገውም» ብለው ከተቆጡ በኋላ፣ ሩዛቸው ተፈልፍሎ ካለቀ ወዲያም ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር።

መጻሕፍቱ ያለቁት በአንድ በጋ ነው። ማለቃቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። «ከመጽሐፉ የአንቺው ይሻላል፤ ቀጥይ» ያለሽ አያ ደሴ ነው፤ ያ ጆሮው የከበደው፣ ሲያወራ የሚጮኸው ሽማግሌ። ቀጠልሽ። ለሕመምሽ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስትገቢ እንኳ፣ እስከ አንገትሽ ተነክረሽ ለማታውቂያቸው ሴቶች ታወሪላቸው ነበር። እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ። ሴቶቹ ሲስቁ የዳንሽ መሰለኝ።

ከዚያ አጋፋሪውን ገደልሽው። ወደ መፈልፈያው ቤት የመጣሽበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ጨለማውን ብቻውን ሲመልስ በሩ ሥር ወደቀ። በትሩ ብርሃኑ ሳይጠፋ ደፉ ላይ ቀረ። «ማን እንዳነሣው በሚመጣው ሳምንት እነግራችኋለሁ» አልሽ። አልመጣሽም።

ክርክሩ የተጀመረው እዚያው ለቅሶሽ ድንኳን ውስጥ ነው። ደረቴን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አያ ደሴ ጎኑ ላለው ሰው በሹክሹክታ ያወራ መስሎት «በትሩ የሚገባው ለአጋፋሪው ልጅ ነው!» ሲል ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። አልተቀየምሁም። አንቺ ብትኖሪ ትስቂ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ክርክር ሆነ። አያ ደሴ አጋፋሪነት ርስት ነው ይላል፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ! ልጁ ሩቅ ኮከብ ላይ ቢሆንም ይምጣና ይውሰድ!» የለም፣ ጉልት ነው የሚሉት ደግሞ ላገለገለ የሚሰጥ ነው፣ ስለዚህ ከአጋፋሪው ሥር ለነበረው የጦር አዛዥ ይገባል ይላሉ፤ «ሹመት በተርታ፣ ሥጋ በገበታ!» ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ሁለቱንም አትቀበልም። በየማታው በበሩ ሥር ፋኖሶቹን የምታበራውን ልጅ ታስታውሻለሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሣሻትን። እትዬ ማንጠግቦሽ ሹመቱን ለእሷ ሰጠች። «ሁሉም ሲሸሽ ደጁ ላይ የቀረችው እሷ አይደለችም?»

አያ ደሴ «ፋኖስ ለኳሽ አጋፋሪ ስትሆን የት አገር ታየ?» ሲላት፣

«አያ ደሴ፣ ያንተ ልጅ ሞፈር መጨበጥ አቅቶት ባጃጅ ይነዳ የለም? እስቲ ርስትህን ለእሱ ስጥና እንየው!» አለችው። ሰዉ በሳቅ ሩዙ ላይ ተንከባለለ። ሸክላ ሠሪ ናት ተብላ ድሮ በር ላይ ትቀመጥ የነበረችውን ይችን ሴት እጇን ይዘሽ ከሚዛኑ አጠገብ ያስቀመጥሻት አንቺ ነሽ። አሁን ከዚያ የሚያስነሣት የለም። ትርንጎም ከእሷ ጋር ናት፤ ፋኖስ አብሪዋ ናት ብላ ትከራከራለች።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ክርክሩ ደርቶ ነበር። አንድ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ገብቶ ጥግ ላይ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ያየው ሁሉ ዝም አለ። አያ ደሴ ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላየውም። «አጋፋሪው ከሞተ ሞተ ነው! ዛሬ ነገ ሳይባል ተተኪው ይነገረን! ሰዉ ያለ መሪ እስከ መቼ?» ብሎ ጮኸ።

ወጣቱ «ማነው የሞተው?» አለ።

አያ ደሴ ዞረ። አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ተረት ነው አልሁት። «የምን ተረት?» የመጽሐፍ አልሁት። «እስቲ ያምጡት፣ ጋሼ» አለኝ። አንተ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ገብቼ መጻሕፍቱን አመጣሁ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ገለጣቸው። መጨረሻ ላይ ቀና ብሎ «መጨረሻው ሥዕል ላይ እኮ ሰውዬው ቆሟል። ሞተ ያላችሁት የቱ ጋ ነው?» አለ።

ውባለም፣ ማስረጃዬ በራሴ ላይ ዞረ። ባለቤቴ ናት ያወራችው አልሁት። «ይጥሯታ።» ሞታለች አልሁት። ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ያን ጊዜ ልጅሽ ከሚዛኑ አጠገብ ሆና «እናቴ ናት የገደለችው» አለች። ልክ አንድ ሰው የስኳር ዋጋ እንደ ጠየቃት።

«እና ማን ተሾመ?» አላት።

«ገና ነው።»

«አንቺ ማን ይሁን ትያለሽ?»

«ጠመንጃ የያዘ ሁሉ በር ጠባቂ አይሆንም» አለችው።

ተነሣ። መጻሕፍቱን በብብቱ ያዘ። «ለሚመጣው ቅዳሜ እመለሳለሁ። ማን እንደተሾመ ትነግሩኛላችሁ» ብሎ ወጣ።

ያን ሳምንት እንዴት እንደ ኖርሁት አልነግርሽም። ሦስቱንም መልስ እያነሣሁ ጣልሁ። ልጁ ነው ብዬ ብመልስለት፣ የማንን ልጅ ማለትዎ ነው ይለኛል። አዛዡ ነው ብለው፣ የትኛውን አዛዥ ይለኛል። ፋኖስ የምታበራዋ ናት ብለው ትርንጎን ያያታል። ሐሙሲት እህትሽ ዘንድ ሂጂ ብላት «ሚዛኑን ማን ይይዛል?» አለችኝ። ሰዎቹን ቅዳሜ እንዳትመጡ ብዬ በየቤታቸው ዞርሁ። እሺ አሉኝ፤ አያ ደሴ ምሎ እሺ አለኝ።

ቅዳሜ ሁሉም መጡ። የሚያስፈለፍለው የሌለው ሳይቀር መጣ። እትዬ ማንጠግቦሽ በትንሽ ቁና ሩዝ ይዛ ነበር፤ ቀረብ ብዬ ባየው ነጭ ሩዝ ነው፣ ተፈልፍሎ ያለቀ። «ይደገምልኝ» አለችኝ።

ወጣቱ መጣ። ያው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ ማን ተሾመ?»

አያ ደሴ በትሩን ተደግፎ ወደ ፊት ወጣ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ርስት ነው እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የጮኸው አያ ደሴ፣ «ማን ሞተና ነው የሚሾመው?» አለ። «መጽሐፉን አላየኸውም? ቆሟል እኮ! ቆሞ የለም ወይ?»

«ቆሟል» አሉ የጉልቱ ሰዎች።

«ታዲያ ባለፈው ምን ነበር ያ ሁሉ ጩኸት?»

«የሽማግሌ ነገር» አለች እትዬ ማንጠግቦሽ። «መብራት ሲጠፋ እኮ እሱም አብሮ ይጠፋል።» አያ ደሴ ሰማት፤ አልመለሰላትም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወጣቱ ወደ ትርንጎ ዞረ። «አንቺስ? እናቴ ናት የገደለችው ብለሽኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ነው የሞትሁት። ይህች ልጅ ዋሽታ አታውቅም፤ አንቺ ነሽ እንዲህ አድርገሽ ያሳደግሻት። አያ ደሴን አየች። እትዬ ማንጠግቦሽን አየች። እኔን አየችኝ። «እናቴ ያን ጊዜ ታማ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ተሳስታ ነው። አልሞተም።»

የመጨረሻ ወሬሽን ከአፍሽ ቀማችሽ ውባለም። እኔ ግን እግዚአብሔር ይስጣት አልሁ።

ወጣቱ መጻሕፍቱን ከብብቱ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። አንዱን መልሶ አነሣው። «ይቺን ገና አልጨረስኋትም» አለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «የሞተ ዕለት ንገሩኝ» አለን። ሳቀ ወይስ አልሳቀም፣ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። በሹክሹክታ ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲጠፋ ስለ አጋፋሪው የሚያነሣ የለም። ሰዉ ስለ ዝናብ ያወራል። ሁሉም ያለፈ መስሎኝ ትንሽ እንቅልፍ አገኘሁ። ያላለፈ መሆኑን ያወቅሁት አንድ ጠዋት ነው። ትርንጎ ስትገባ እትዬ ማንጠግቦሽ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ቀሚሷን የምታስተካክል መሰለኝ። በማግስቱ አያ ደሴ በትሩን ተደግፎ ብድግ አለ፤ አያቷ የሚሆን ሰው። ከዚያ የርስቱም ሰዎች፣ የጉልቱም ሰዎች። በዚህ አገር ለቄስ ይነሣል፣ ለሽማግሌ ይነሣል። ለልጅ የሚነሣ አይቼ አላውቅም። ትርንጎ ፊቷ እየቀላ «በእግዜር፣ ኧረ በእግዜር» እያለች ወደ ሚዛኗ ታልፋለች። እነሱም አንድ ቃል ሳይናገሩ ይቀመጣሉ።

ክርክሩ አልቋል፣ ውባለም። አፋቸውን ዘግተው ሾሙ።

ይህ ከጠመንጃው ይልቅ ያስፈራኛል። የተናገርነውን ካድንና ዳንን፤ መነሣትን በምን እንክደዋለን? ጥግ ላይ ጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያየዋል። አያ ደሴን ወደ ውጭ ወስጄ «አያ፣ ስለ ልጄ ብለህ ተቀመጥልኝ» ብዬ ለመንሁት። «ምን አደረግሁ? ወገቤን አሞኝ ነው የምነሣው» አለኝ። በማግስቱ የሁሉንም ወገብ አመመው።

ለሙት ዓመትሽ ስምሽን አስጠራለሁ፤ ይህን ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። ሌላም ቃል እሰጥሻለሁ። በትሩን የት እንደ ተውሽው አልረሳም። ማን እንዳነሣውም አልረሳም። ለማንም ግን አልናገርም፤ አጋፋሪው አልሞተም እያልሁ እኖራለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ አንቺም በቦታዬ ብትሆኚ ይህንኑ ታደርጊ ነበር።

ትናንት ቀድሜ ገብቼ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ትርንጎ የሩዝ ገለባ ከጋውንሽ ላይ እያራገፈች ገባች። ሳላስበው ብድግ አልሁ። በሩ ላይ ቆመች። አሁን ከመናገሯ በፊት ሰው ታያለች፤ እንደ አንቺ አየችኝ።

«በእግዜር፣ አባዬ። ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥሁ። እሷም ወደ ሚዛኗ አለፈች።

ባልሽ