የማታ ክፍላችንን የት አደረሱት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ቅበላ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የወንበርዎ ምቾት፣ የማያልቀው ስብሰባዎ፣ ግራና ቀኝ የሚያጅብዎት ሰው ሁሉ እንደምን አለ? እኛ በእርስዎ ቸርነት እንዳለን አለን።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ተናግሬ ልገላገል። ይህን ስጽፍ እፈራለሁ። እኔ በር ሲንኳኳ ጓዳ የምገባ፣ ሱቅ ተልኬ ባለሱቁ «ምን ልስጥሽ?» ሲለኝ የተላክሁበትን የምረሳ ልጅ ነኝ። ትምህርቴንም ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ፤ አያቴ አልጋ ላይ ስትውል ሌላ አስታማሚ አልነበራትም። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ስሕተት ካገኙ ያርሙልኝ። የራስዎን ስሕተት ለማረም ጊዜ እንዳጡ አይቻለሁ፤ የሰው ስሕተት ግን ይቀላል ይባላል።

የምጽፈው ስለ እናቴ ነው። እርስዎ በደንብ ያውቋታል፤ በግቢዎ በር ላይ በተሰቀለው ቢልቦርድ ላይ ፊቷ ከአውቶቡስ የሚሰፋው ሴት እርሷ ናት።

እናቴ ወጣት ሳለች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ እኔ በሆዷ መጣሁና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ታቦካለች፣ ሲነጋ ደግሞ እስከ ቀትር በመስኮት ዳቦ ትሸጣለች። አያቴ ባለፈው ዓመት ካረፈች በኋላ አንድ ቀን እናቴ ሳህን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እኔ እኮ አልጨረስኩም» አለች። ስለ ሳህኑ መስሎኝ ላግዛት ተነሣሁ። ስለ ትምህርቷ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ልትመርጥ ስትዞር እኔም ከኋላዋ እየተከተልኩ አብሬ ዞርኩ። ሌሎች ወላጆች ስለ ሕንጻው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ስሙ ይጠይቃሉ። እናቴ በየደረሰችበት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ከሥራ የምትመጣ ሴት ብታረፍድ በር ይዘጋባታል?»

በመጀመሪያው ቦታ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ይዘጋባታል። እዚህ የማታ ተማሪ ብዙ ይጀምራል፣ ጥቂት ይጨርሳል፤ ከቻልሽ ነይ፣ ካልቻልሽ አትድከሚ» አሉ። በሁለተኛው ቦታ አንዱ ወጣት እኔን በአገጩ እያሳየ፣ «እማማ፣ የምትማረው እሷ ናት አይደል?» ብሎ ጠየቀና፣ አይደለም ሲባል የማታ እንደሌላቸው ነገረን። ከእርስዎ ዘንድ ግን ከረባት ያሰረ ባልደረባዎ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እናታችን፣ ለእርስዎማ በራችን አይዘጋም! ከሥራ ወጥተው፣ አረፍ ብለው፣ ሻይዎን ጠጥተው ማታ ይምጡ» አላት። በአውቶቡስ ስንመለስ እናቴ መስኮቱን እያየች፣ «ከወንበሩ ተነሣልኝ እኮ፤ አይተሻል?» አለችኝ። የመረጠችዎት በዚህ ነው። ለከረባትዎም ለሕንጻዎም ብላ አይደለም፤ ሰው ስለተነሣላት ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ፎቶግራፉ እናመሰግናለን። ያንኑ ዕለት ከግቢው ዛፍ ሥር አቁማችሁ፣ ይዘቱን የማታውቀውን ወፍራም መጽሐፍ አስይዛችሁ፣ «ሳቅ ይበሉ እናታችን» ብላችሁ አነሳችኋት። ጥፍሯ ሥር ሊጥ ስለነበረ ባለካሜራው፣ «እጅዎን ከመጽሐፉ ኋላ ደበቅ ያድርጉት» አላት። ደበቀችው። ከሥሩ «ዕድሜ ትምህርትን አይገድብም፤ እንጠብቅዎታለን» ብላችሁ ጻፋችሁበት። ቢልቦርዱ የተሰቀለ ቀን እናቴ ከሥሩ ቆማ እያየች፣ «ውይ፣ ጥርሴን ሁሉ አሳዩት» ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ግን ደስ ብሏት ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ መጀመሪያው ምሽት እናመሰግናለን። እናቴ ፀጉሯን ታጥባ፣ ደብተሮቿን በሰማያዊ ወረቀት ለብዳ፣ እኔን አስከትላ መጣች። በርዎ በእውነት አልተዘጋም፤ ቃልዎን ጠብቀዋል። የጠፋው ክፍሉ ብቻ ነው። በጨለመው ኮሪደር ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ዩኒፎርሟን ያላወለቀች የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛና አንድ ሽበታም አናጺ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። የበሩ ጥበቃ ባትሪውን እያበራ መጣና፣ «የማታ? የማታውማ ወደ ጠዋት ዞሯል። አሁን እዚህ የሚያስተምር የሌሊት ወፍ ብቻ ነው» አለን። ሹፌሩ፣ «ታዲያ የሌሊት ወፏ ዲግሪ ትሰጣለች?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ደብተሮቿን ከደረቷ አውርዳ በፌስታል ውስጥ ከተተቻቸው። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እኔ ነበርኩ ያነበብኩት፤ ለውጡ የተደረገው «ለመምህራን አመቺነት» ነው ይላል። ከሥራ የሚመጣ ሰው ጠዋት ሥራ ላይ እንደሚሆን ለመገመት የተማረ ሰው አያስፈልግም ነበርና፣ ይህን ያህል የተማረ ሰው ተሰብስቦ መሳቱ ያስደንቃል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቢሮዎ መስተንግዶ። እናቴ ልታነጋግርዎት ስትመጣ ጸሐፊዎ አየቻትና፣ «ወይኔ! የቢልቦርዷ እናት አይደሉም እንዴ? ኑ እዩ፣ በአካል መጥተዋል!» ብላ ከጎረቤት ክፍል ሰው ጠራች። ተራ በተራ አብረዋት ፎቶ ተነሡ። ፎቶው ሲያልቅ እርስዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገሯት። ሌላ ቀንም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አገኘችዎት፤ ሳይቆሙ፣ ስልክዎን እያዩ፣ «ምርጫው የእርስዎ ነው፤ ካልተመቸዎት መልቀቅ ይችላሉ» አሏት። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የጠየቅናቸው ሴትዮ ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን ምዝገባ ዘግቶ ነበር። ምርጫ ማለት ይህ ከሆነ ብዙ ተምረናል፤ ያውም ክፍል ሳንገባ።

አራተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ሰዎች እናቴን «ፕሮፌሰር» ይሏታል። «ፕሮፌሰር፣ የዛሬው ዳቦ በስንት ዲግሪ ነው የተጋገረው?» ይሏታል። ክፋት የላቸውም፤ ቢልቦርዱን አይተው የምትማር መስሏቸው ነው። እርሷም፣ «ገና ነው፣ ገና ነው» እያለች ዳቦውን ትጠቀልላለች። በቀደም ዕለት ግን አብረን በአውቶቡስ ስንሄድ፣ አንድ ፌርማታ አስቀድማ ወረደችና በጓሮ መንገድ በጭቃው በኩል ወሰደችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ዋናው መንገድ በግቢዎ በር፣ በቢልቦርዱ ሥር ያልፋል። ሰው ከገዛ ፊቱ ተደብቆ በጭቃ ሲሄድ እርስዎ አላዩም፤ እኔ ግን ከኋላዋ ነበርኩ።

በዚያው ማታ ሰማያዊ ወረቀት የለበሱትን ደብተሮች አመጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ላንቺ ይሆናሉ» አለችኝ። በእኔ ምክንያት አንድ ጊዜ ያቋረጠች ሴት፣ በእርስዎ ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ ስታቋርጥ ደብተሩን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድም ገጽ አልጻፍኩባቸውም። ይህን ደብዳቤ እንኳ በሌላ ወረቀት ነው የምጽፈው።

ክቡር ሆይ፣ ፊት የሚነሱ ሰዎችን እፈራ ነበር፤ ለዚህም ነው ከቤት የማልወጣው። እናንተ ግን ሌላ ነገር አስተማራችሁኝ። ፊት የነሷት ሴትዮ እውነቱን ነገሯት፤ ከወንበሩ የተነሣላት ሰው አታለላት። እንደ ሌሎቹ ቀና ሳትሉ «አይሆንም» ብላችኋት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም፣ እርሷም አሁን በእኚያ ሴትዮ ዩኒቨርሲቲ የማታ ክፍል ውስጥ ነበረች።

እናቴ ደብተሮቹን ለእኔ ከመስጠቷ በፊት የዳቦ ቤቱን ባለቤት፣ ጋሼን፣ ለምናዋለች። «ሊጡን ጨርሼ ጠዋት ልሂድ፤ የጎደለውን ሰዓት ከቀትር በኋላ ሠርቼ እተካለሁ» ብላዋለች። ጋሼ ድምፁ መጋገሪያውን የሚያናውጥ ሰው ነው፤ ግን ክፉ አይደለም። «መስኮቱን የሚይዝልሽ ሰው አምጪና ሂጂ» አላት። ይህን ስትነግረኝ አየችኝና ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። እኔን እንዳሰበችኝ ገብቶኛል፤ ልትጠይቀኝ እንዳልደፈረችም ገብቶኛል። የምታውቀኝ እርሷ ናትና።

እኔ ሰው ሲያየኝ አንደበቴ ይተሳሰራል። መልስ መስጠት፣ መቀለድ፣ «ተራ ያዙ» ብሎ መጮህ አልችልም። ነገር ግን ነገ ጎህ ሳይቀድ እናቴን ተከትዬ እወጣለሁ። ጋሼ ፊት ቆሜ፣ ድምፄ ቢጠፋ እንኳ በእጄ እያሳየሁ፣ መስኮቱን እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። ከሰጠኝ እናቴ እጇን ታጥባ ወደ ጠዋቱ ክፍልዎ ትመጣለች፤ ካልሰጠኝ እስኪሰጠኝ ድረስ መጋገሪያው አጠገብ እቆማለሁ።

ለእኔ ሲሉ ከወንበርዎ እንዳይነሡ አደራ እያልኩ፣ ባሉበት ተደላድለው የአክብሮት ሰላምታዬን ይቀበሉኝ ዘንድ እጅ እነሣለሁ።

የተማሪዎ ልጅ

ግልባጭ፦
ለበሩ ጥበቃ፤ በግቢው ውስጥ እውነቱን ለነገረን ብቸኛ ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴ ይህን ደብዳቤ አላየችውም። ብታየው ኖሮ፣ «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» ብላ ትቆጣኝ ነበር። እርሷ ዛሬም ሰው ታከብራለች፤ እርስዎን ሳይቀር።