የቶርማሽ ደወል ስለ ታሰረበት ሰንሰለት

ለክቡር አቶ ኦክታቪያን ጊርማን፣ የወረዳችን አስተዳዳሪ
ቶርማሽ፣ ሐሙስ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1934 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም በጠረጴዛዎ ላይ እንደሚተኙት ማመልከቻዎች የረዘመ እንዲሆን የቶርማሽ ፕሮቴስታንት ሴቶች ማኅበር ከልብ ይመኛል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ወሬ እንደማበዛ መንደሩ ያውቃል፤ ዛሬ ግን አሳጥራለሁ።

አንደኛ፤ ድንበሩ በላያችን አልፎ እኛ ሃንጋሪዎች ሮማኒያ ውስጥ ከተገኘን አሥራ አምስት ዓመት ቢያልፍም፣ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል እስከ ዛሬ በሃንጋሪኛ እንደሚደውል ስለ ደረሱበት እናመሰግናለን። እኛ ነሐስ ብቻ መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፤ ማመልከቻ ገብቶ ሦስት ቀን ሳይሞላውና በጽሑፍ ሳይፈቀድ ደወል እንዳይደወል አዘው፣ ማማውን በሰንሰለት አስቆልፈው፣ ቁልፉንም እቤትዎ ስላስቀመጡልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ጎረቤትዎ አክስት ዡዣና ግን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማክሰኞ ጠዋት ባቄላ ስትለቅም ድንገት አረፈች። ማመልከቻ አላስገባችም። ድሮም ችኩል ነበረች። እኛ ብናስገባላት አንዴ «በሃንጋሪኛ ነው»፣ አንዴ «ቴምብር ይጎድለዋል» ተብሎ ተመለሰ፤ ሦስቱ ቀንም በየጊዜው እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፤ በእኛ ዘንድ ደወል ሳይሸኘው ሬሳ ከግቢው አይወጣም። ቄሳችን «ወንጌል ይህን አያዝም፤ በመዝሙር እንሸኛት» ብለው ቢለምኑ፣ እኅቷ ሻሮልታ «ጌታዬ፣ እርስዎ ወንጌሉን ይጠብቁ፤ እኔ እኅቴን እጠብቃለሁ። እንደ ውሻ ዝም ብዬ አልቀብራትም!» አለቻቸውና በሣጥኑ አጠገብ በርጩማዋን አኑራ ተቀመጠች። ስለዚህ ሟቿ በዚህ በሐምሌ ሙቀት፣ ከእርስዎ የምግብ ክፍል መስኮት ሥር፣ ከአጥሩ ወዲህ ውሳኔዎን በትሕትና ትጠባበቃለች። ነፋሱም እንደ እርስዎ ነው፤ ወዴት እንደሚነፍስ ያውቃል።

ከአጥርዎ ማዶ፣ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ኬለመን ቦርባላ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ደብዳቤ አገር እንዲያነበው ለጋዜጣም ልልክ ስል ባለቤትዎ ወይዘሮ ኮርኔሊያ በአጥሩ ላይ ቁልፉን አቀበሉን። «በፈጣሪ ይዣችኋለሁ እናንተ ሴቶች፣ ደውሉና ቅበሩልኝ!» አሉን። ዛሬ ከሰዓት መሥሪያ ቤትዎ ድረስ የተሰማው ያ ነው፤ ገመዱን የሳበችው ሻሮልታ ራሷ ናት። ወይዘሮዋን መቅጣት ሥልጣንዎ ነው፤ ነገር ግን ራትዎን የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸውና፣ እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ያስፈቅዷቸው።